ጠበቃው ሸሪፍ

ማይክል ሄነሲ የሳን ፍራንሲስኮን እስር ቤቶች የተረከቡት እ.ኤ.አ. በጥር 1980 ነው። ለተተኪያቸው ያስረከቡት ደግሞ በጥር 2012። በእነዚያ ሠላሳ ሁለት ዓመታት ዋይት ሐውስን ከካርተር እስከ ኦባማ ስድስት ፕሬዚዳንቶች ተቀባብለውታል፤ ከተማዋም ስድስት ከንቲባ አይታለች። እኛ አገር ደርግ ወድቆ፣ እርሱን የጣለው መንግሥትም ሃያ ዓመት ደፍኖ ነበር። እርሳቸው በየአራት ዓመቱ ሕዝብ ፊት እየቀረቡ ስምንት ጊዜ ተመረጡ። በሱዳን በኩል በስደት የገባን የዚያን ጊዜ ወጣቶች ከተማዋን ያወቅናት በእርሳቸው ዘመን ነውና፣ ጡረታ ሲወጡ የእኛም የወጣትነት ዘመን አብሮ የተዘጋ መሰለኝ።

ስለ እስር ቤት ኃላፊ በጎ ቃል እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔና የዘመኔ ልጆች ስለ እስር ቤት የምናውቀውን ይዘን ነው የተሰደድነው። ዓለም በቃኝን እናውቃለን፤ ማዕከላዊን እናውቃለን፤ በየከፍተኛውና በየቀበሌው ወጣት የታጎረበትን ክፍል እናውቃለን። በቀይ ሽብር ጊዜ እናቶች ስንቅ ቋጥረው ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ይሰለፉ ነበር። ዘበኛው ዝርዝሩን አይቶ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ካላት፣ እናት የልጇን ሞት የምትረዳው ከዚያች ቃል ነው። ሬሳ የለ፣ ቀብር የለ። እንዲህ ያለ በር ያየ ሰው ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ያስበረግገዋል። ሳን ፍራንሲስኮ ገብተን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፖሊስ ካየን መንገድ የምንሻገረው፣ ያጠፋነው ነገር ኖሮ አልነበረም።

ሸሪፍ የሚባለውንም ሹም የምናውቀው በሲኒማ ቤት ብቻ ነበር፤ ኮከብ ደረቱ ላይ፣ ሽጉጥ ወገቡ ላይ። የሳን ፍራንሲስኮው ከዚህ ይለያል። ከተማዋና ካውንቲዋ አንድ ስለሆኑ ወንጀለኛ የሚያሳድደው በአዛዥ የሚመራው የከተማው ፖሊስ ነው። ለሸሪፉ የሚቀሩት እስር ቤቶቹ፣ የፍርድ ቤቶቹ ጥበቃ፣ ፍርድ ሲወጣም ተከራይን ከቤት የማስወጣት ሥራ ናቸው። የሚያጅበው ጀግንነት የለውም። ሰው በሕይወቱ እጅግ በከፋው ቀን የሚገናኘው ሹም ነው።

ሄነሲ ወደዚህ ወንበር የመጡበትን ጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከእርሳቸው በፊት ሪቻርድ ሆንጊስቶ የሚባል ሸሪፍ ነበር። በኢንተርናሽናል ሆቴል ይኖሩ የነበሩትን ድሃ የፊሊፒንና የቻይና ሽማግሌዎች አስወጣ ሲባል አሻፈረኝ ብሎ፣ ፍርድ ቤት በመድፈር አምስት ቀን ታሰረ። በኋላ ግን ነሐሴ 4 ቀን 1977 በሌሊት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሆቴሉን ከቦ እያለ፣ ማስወጣቱን እርሱ ራሱ ፈጸመው። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ከንቲባ ጆርጅ ሞስኮኒና የምክር ቤት አባሉ ሃርቪ ሚልክ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። በግንቦት 1979 በገዳዩ ላይ የተሰጠው ፍርድ ቀላል ሆነ ብሎ የተቆጣ ሕዝብ የፖሊስ መኪና አቃጠለ። ምርጫው የመጣው እንዲህ ከቆሰለች ከተማ ፊት ነው።

ሄነሲ በዚያ ምርጫ የቀረቡት እንደ ጠበቃ ነው። ፖሊስ ሆነው አያውቁም። ይታወቁ የነበረው በካውንቲው እስር ቤት ላሉ እስረኞች ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ፕሮጀክት በማቋቋማቸው ነው። ልጁን የሚነጠቅ አባት፣ ሐኪም የተከለከለ ሕመምተኛ፣ የቀጠሮ ቀኑ የጠፋበት እስረኛ ጉዳዩን የሚያመለክተው ለፕሮጀክቱ ነበር። እስረኛውን ወክሎ ከእስር ቤቱ ጋር ሲሟገት የኖረ ሰው «እስር ቤቱን ስጡኝ» ብሎ ተወዳደረ፤ ሕዝቡም ከሆንጊስቶ በኋላ በወንበሩ ላይ የነበረውን ሸሪፍ አንስቶ ሰጠው። በዚያው የምርጫ ወረቀት ላይ ጄሎ ቢያፍራ የሚባል የፓንክ ሮክ ዘፋኝ ለከንቲባነት ተወዳድሮ ነበር። ሄነሲም ያንን ጩኸት የበዛበት ሙዚቃ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ያቺ ሳን ፍራንሲስኮ እንዲህ ነበረች። አንድ ታክሲ ነጂ ከጓደኛው ጋር ክፍል ተከራይቶ ይኖርባት ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ ሥራ ከተማው ውስጥ ቤት መከራየት የማይታሰብ ሆኗል። እኛም ተራ በተራ ወደ ኦክላንድና ከዚያ ወዲያ ገፋን።

ታክሲ እነዳ በነበረበት ጊዜ የሳን ብሩኖን መንገድ ለመድኩት። የካውንቲው ትልቁ እስር ቤት ከተማው ውስጥ አይደለም፤ በስተ ደቡብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። በ1934 የተሠራው አሮጌው ሕንፃ በዚያ ጉም ውስጥ ከሩቅ ሲታይ ሆድ ያባባ ነበር። የጥየቃ ቀን እናቶች፣ ሚስቶች፣ ሕፃን የታቀፉ ልጃገረዶች ለሁለት ለሦስት ሆነው ሒሳቡን እየተጋሩ ይሳፈሩ ነበር። እጃቸውን አይ ነበር፤ ባዶ ነው። በዚያ አገር ምግብ ከውጭ አይገባምና ስንቅ የለም። መጀመሪያ ላይ ይህ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ወደ ኋላ ግን ሴቶቹ በመመለሻው መንገድ የሚያወሩትን ሰማሁ፤ ልጁ ክፍል ገብቷል፤ ባሏ አትክልቱ ጋ እየሠራ ነው፤ ፀሐይ መቶት ጠቁሯል። አትክልቱ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ካትሪን ስኒድ የምትባል ወጣት በሳን ብሩኖ እስር ቤት አማካሪ ሆና ትሠራ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በከባድ የኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገባች። በሕመሟ ላይ ሳለች ስለ ተፈናቀሉ ገበሬዎች የተጻፈውን የስታይንቤክን ልብ ወለድ አነበበች። ያደረባት ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ከመሬት ጋር የተያያዘ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። ሄነሲ ሊጠይቋት በመጡ ጊዜ እስረኞቹን ከግንቡ ውጪ አውጥታ መሬት ብታስቆፍር እንደምትወድ ነገረቻቸው፤ እርሳቸውም ፈቀዱ።

ይህን ፈቃድ አቅልሎ የሚያይ ሰው ሹመት ምን እንደሆነ አያውቅም። አንድ እስረኛ ቢያመልጥ የሸሪፉ ስም በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ምርጫም ይከፍልበታል። የጠየቀችው ደግሞ ከአልጋዋ ያልተነሳች ሕመምተኛ ነበረች። ጥያቄውን ለኮሚቴ መምራት፣ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ማቆየት ይቻል ነበር። እርሳቸው ግን እሺ አሉ። ስኒድ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ከእስረኞቹ ጋር የግቢውን ቆሻሻ አነሣች፤ ዱሮ የእስር ቤቱ እርሻ በነበረው መሬት ላይም ጎመን፣ ሰላጣና ሽንኩርት በቀለ። አትክልቱ ለነዳያን ማዕድ፣ ለአረጋውያን፣ በኤድስ ለታመሙ ምግብ ለሚያደርስ ድርጅት ተሰጠ። ጊዜው ወጣት ወንዶች በየሳምንቱ የሚቀበሩበት ጊዜ ነበር። በስርቆትና በአደንዛዥ ዕፅ የተያዘ ልጅ ያበቀለው ጎመን በሞት አፋፍ ላይ ያለ የማያውቀው ሰው ሳህን ላይ ይደርሳል። በ1992 ደግሞ ተፈትተው ለሚወጡት የጋርደን ፕሮጀክት ተቋቋመ። ብዙዎች ግቢውን ለቀው ሲወጡ ያንን መሬት ናፍቀው፣ የሚሄዱበትም አጥተው ነበርና።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማነሣላቸው ይህንን ነው። የራሳቸው ሐሳብ አልነበረም፤ የራሳቸው ነው ብለውም አላወሩም። ሌላው ያመጣውን መልካም ሐሳብ በሥልጣናቸው ሸፍነው እንዲያድግ ተዉት። የኋለኞቹ ሥራዎችም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በ1989፣ ብዙ እስር ቤት ጉዳዩን ለማንሣት እንኳ ሲያፍር፣ በሳን ፍራንሲስኮ እስር ቤቶች ከጤና ትምህርት ጋር ኮንዶም ይታደል ጀመር። ዴፑቲ በሚባለው የሸሪፉ መኮንንነት ሥራም ሴቶችን፣ ጥቁሮችን፣ እስያውያንን፣ ላቲኖዎችን፣ ግብረ ሰዶማዊነታቸውን ያልደበቁ ሰዎችን ቀጠሩ።

በ1997 ሰኒ ሽዋርትዝ የምትባል የሕግ ባለሙያ ከእርሳቸው ጋር ሆና ሰው ደብድበው ለታሰሩ ወንዶች አዲስ ነገር ጀመረች። በአንድ ሰፊ አዳራሽ የሚኖሩት እስረኞች ቀኑን ሙሉ ስለ ሠሩት ጥቃት ይነጋገራሉ፤ የጥቃት ሰለባ የሆኑ ሰዎችም መጥተው የደረሰባቸውን ፊት ለፊት ይነግሯቸዋል። ጄምስ ጊሊገንና ባንዲ ሊ የተባሉ ሐኪሞች ውጤቱን አጠኑት። በአዳራሹ ውስጥ ድብድቡ ቆመ ማለት ይቻላል፤ አሥራ ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆዩትም ከወጡ በኋላ በኃይል ወንጀል እንደገና የመታሰራቸው መጠን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። በ2003 ደግሞ ፋይቭ ኪስ የሚባል ቻርተር ትምህርት ቤት እስር ቤቱ ውስጥ ተከፈተ፤ ለአዋቂ እስረኞች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የሚሰጥ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው። ታስሮ ገብቶ ዲፕሎማ ይዞ መውጣት!

ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ብዬ አልጽፍም። በ1934 የተሠራው አሮጌ ሕንፃ በአዲስ የተተካው በ2006 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰው በማይገባው ቦታ ታጉሮ ኖሯል። ከቤት የማስወጣቱም ሥራ አልቀረም። ከዴፑቲዎቹ ቀድመው ተከራዩን የሚያነጋግሩ፣ ሽማግሌና ሕመምተኛ ማረፊያ እንዲያገኝ የሚረዱ ሠራተኞች ቢኖሩም፣ ቀኑ ሲደርስ በሩ ይንኳኳል። እስር ቤት እስር ቤት ነው። ሰው ማሰር ግዴታ የሆነበት ሹም ግዴታውን እየተወጣ የታሰረውን ሰው እንዴት ያያል የሚለው ነው የእኔ ሚዛን፤ በእርሱ ስመዝናቸው ሄነሲን የሚስተካከል አላውቅም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቸው የመጣው ነገር ደግሞ እኛን ስደተኞቹን በቀጥታ የሚነካ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ሴኪዩር ኮሚዩኒቲስ የሚባል አሠራር አመጣ፤ ማንም ሰው ሲታሰር የሚሰጠው የጣት አሻራ ወዲያው ከኢሚግሬሽን መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ሄነሲ በ2010 ከተማዋ ከዚህ እንድትወጣ ጻፉ፤ አልተፈቀደላቸውም። ጉዳያቸው ገና ያላለቀላቸው ወገኖቻችን ያን ሰሞን በምን ስጋት እንደኖሩ አውቃለሁ። አንድ ሰው ከተሳፋሪ ጋር ተጣልቶ አንድ ሌሊት ቢታሰር፣ ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሁን ወደ ዲፖርቴሽን እስር ቤት እንደሚሄድ አያውቅም። ድብደባ የደረሰባት ሴት ባሏ እንዳይባረር ብላ ፖሊስ ሳትጠራ ትቀራለች። እርሳቸውም የተከራከሩት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ስደተኛ ፖሊስን ከፈራ ወንጀል አይነገርም፤ ወንጀል ካልተነገረ ደግሞ ከተማው በሙሉ ይጎዳል።

አሻራው መላኩን ሊያስቀሩት አልቻሉም። በእጃቸው የነበረው በሩ ነው። ስለዚህ ከሰኔ 1 ቀን 2011 ጀምሮ በቀላል ጥፋት የተያዘና በሕግ መፈታት ያለበት ሰው ኢሚግሬሽን ስለጠየቀ ብቻ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳይያዝ አዘዙ። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ነበር የቀራቸው። ከእንግዲህ የሚወዳደሩበት ምርጫ የለም፤ ከእኛ ወገን ደግሞ አብዛኛው ድምፅ መስጠት የማይችል ነበር።