መርካቶ፣ አውቶቡሱ በር ላይ

ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ከምናለሽ ተራ የገዛውን የከሰል ምድጃ አቅፎ፣ ሌላዋ ከሸማ ተራ ያወጣችውን ጋቢ በፌስታል አንጠልጥላ፣ ተሸካሚው «መንገድ ልቀቁ!» እያለ ሁሉም ወደ አንድ አውቶቡስ በር ይገፋል። እኔም በዚያ በር ላይ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ስምንት ወሩ ነበር። ውጭ አገር ያለች እህቴ የሕፃን ጋሪ ላከችልን። እናቴ «ልጅ በጀርባ እንጂ በጋሪ ያድጋል?» ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን፣ አልደብቃችሁም፣ ኮርቼበት ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ከፊት እኔ ከኋላ ይዘን አነሣነውና መካከለኛው በር አጠገብ ካለው ባዶ ቦታ ላይ አቆምነው። ከእኛ በፊት ተሰልፎ የነበረ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነበር። ሁለት ወጣቶች ሊያነሡት ሲጠጉ ትኬት ቆራጩ ወደ ውስጥ አየና «ቦታ የለም፣ የሚቀጥለውን ጠብቅ» አለው። ሰውየው እኔን አላየኝም፤ ጋሪውን ነው ያየው። ልጄ አልቅሶብኝ ጀርባዬ ላይ ተኝቷል። ጋሪው ውስጥ የነበረው ሦስት ኪሎ በርበሬና ሁለት አንሶላ ነው። አውቶቡሱ ተነሣ። እኔም ዝም አልኩ።

ይህ የመርካቶ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 እንግሊዝ አገር ዳግ ፖሊ የተባለ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ከዌዘርቢ ወደ ሊድስ ሊጓዝ አውቶቡስ ቢጠብቅ፣ የወንበሩን ቦታ ሕፃን የተኛበት ጋሪ ይዞታል። ሾፌሩ እናቲቱን እንድታጥፈው ጠየቃት፤ አይታጠፍም አለች። ሰውየው ቀረ፣ ከሰሰም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ሲወስን፣ ሾፌር አንዴ ጠይቆ ዝም ማለት አይበቃውም፣ እምቢታው ያለ ምክንያት ከሆነ አጥብቆ ይናገር፣ ካስፈለገም አውቶቡሱን ለጥቂት ደቂቃ ያቁም አለ። እናቲቱን በግድ ያውርዳት ግን አላለም።

እዚያ ቢያንስ የሚጣሉበት ቦታ ተለይቶ ተቀምጧል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም መጓጓዣን በስሙ ይጠራል። ብዙ ጊዜ የተሳፈርኩባቸው አውቶቡሶች ደረጃ ግን ጉልበት ላለውም ከፍ ያለ ነው። ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» ብሎ የሚነሣ ሕዝብ መሆናችንን አውቃለሁ። ይህ ደግ ልማድ መቀመጫ ያስለቅቃል፤ ደረጃውን ዝቅ አያደርግም፤ በር ላይ የቀረውንም አያይም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያንን ሽባ በጣሪያ ያስወረደው በር ላይ የቆመው ሕዝብ ነው፤ እርሱም ቃሉን ሊሰማ የመጣ ሕዝብ ነበር።

እናቶችን ልወቅስ አይደለም። በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ወይም መንታ የያዘች፣ አንቀልባ ከብዷት ጋሪ ብትገፋ ማን ይፈርድባታል? ባሎችም ጋሪ ማጠፍን ከቤት ተለማመዱ፤ በር ላይ መማር አይቻልም። እኔ ግን ጀርባ ነበረኝ። ያ ሰው ከወንበሩ ሌላ ምን ነበረው?

ባለፈው ወር ከዚያው ልጄ ጋር (ዛሬ ከአባቱ ይረዝማል) አውቶቡስ ተራ አካባቢ ቆመን ሳለ አንዲት ጎልማሳ ሴት በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ልጄና አንድ ወጣት ሊያቅፏቸው ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣ ከነወንበሬ አንሡኝ። ለይታችሁ ካስገባችሁኝ ሾፌሩ ወንበሩን ጥሎ ይነሣል» አሉ። ደርሶባቸዋል ማለት ነው። «እሺ እትዬ» አሉና ከነወንበራቸው አነሷቸው። በሩ አጠገብ ጋሪ የያዘች ወጣት እናት ነበረች፤ ለማጠፍ ስትታገል ሕፃኑን ተቀበልኳት። እስከ ልደታ ድረስ ጭኔ ላይ ተኛ።