ከመገናኛ እስከ እንጦጦ፦ የጦርነት ዘመን መጻሕፍት ቅኝት

ከመገናኛ በየካ ሚካኤል በኩል ወደ ቀበና ሲኬድ በስተቀኝ የእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ይጀምራል። ግቢው ከምኒልክ የተሰጠ ነው። ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1902 እዚህ ተወለደ፤ አባቱ የለጋሲዮኑ (የያኔው ኤምባሲ) ኃላፊ ነበሩ። በ1909 በሰገሌ ጦርነት ሰሞን የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን በዚሁ ግቢ ተሸሽጎ ከረመ። ቴሲገር በልጅነቱ ያየውን በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

መጽሐፍ የተጻፈለት የዚሁ ግቢ ሌላ ሰሞን ሚያዝያ 1928 ነው። በ24 ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀቁ፤ ዘረፋና ቃጠሎ ተከተለ። በ26 የለንደኑ ታይምስ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር እዚሁ ግቢ ውስጥ ሚስት አገባ፤ በ27 ጣሊያን ገባ። «ቄሣር በአቢሲኒያ» የተሰኘው መጽሐፉ በዚያው እ.ኤ.አ. 1936 ለንደን ላይ ታተመ። ስቲር ኋላ ካርቱም ሆኖ «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ አሳትሟል።

አጥሩን አልፎ መንገዱ ወደ ሩሲያ ኤምባሲ ሲዘልቅ ስሙ ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ይሆናል። ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ሐምሌ 1928 አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከዘመቱት አርበኞች አንዱ ናቸው። በወረራው ዓመታት ከተማዋ ውስጥ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለ የጣሊያን ጋዜጣ በአማርኛ ይታተም ነበር።

ከቀበና ድልድይ ወደ ሰሜን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ከኤምባሲው ወስዷል። በዘረፋው ጊዜ ይህም ግቢ እንደ እንግሊዙ ስደተኛ አስጠግቷል። ከዚህ በስተምዕራብ ቁልቁል ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሐውልት ይገኛል። ሐውልቱ ከሚያስበው የጣሊያን ጭፍጨፋ የተረፈው ተመስገን ገብሬ ያየውን ጽፏል፤ «ሕይወቴ» ግን የታተመው በ2001 ነው። በመካከሉ 72 ዓመት አለ።

ከፈረንሳይ በላይ መንገዱ ባሕር ዛፍ ውስጥ ይገባል። ሴቶች ከቁመታቸው የረዘመ የጭራሮ ሸክም በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ አጎንብሰው ይወርዳሉ። እንጦጦ ማርያም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፤ አገሩ ያኔ በክፉ ቀን ረኃብ ውስጥ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሠዓሊነቱ የዚያ ቤተ መንግሥት ሰው ነበር፤ በ1900 ሮም ላይ ያሳተመው «ጦቢያ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ በጦርነት ይከፈታል፦ የጦር አለቃው ተማርኮ ባሪያ ይሆናል፤ አንድ ነጋዴ ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ የአለቃው ልጅ ዋሕድ ውለታውን ሊመልስ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል።

ከጦርነት እስከ መጽሐፍ ያለው ዓመት ይለያያል። ፊንላንዳዊው ደራሲ ቫይኖ ሊና የተዋጋበት ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1944 አበቃ፤ «ያልታወቀው ወታደር» ከ10 ዓመት በኋላ ወጣ። ጣሊያን በ1933 ተባረረ፤ ዘምቶ የተማረከው ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»ን ያሳተመው በ1985፣ ከ52 ዓመት በኋላ ነው። በኤምባሲው አጥር ውስጥ የነበረው ዘጋቢ መጽሐፉን ለማሳተም ዓመት አልፈጀበትም።

በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአያት የዘመቻ ማስታወሻ ካለ ወደ ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወስዳችሁ አሳዩ።