ፊት ሲነሳ፣ ስም ሲነሳ

አማርኛችን ፎቶግራፍን «ያነሳል» እንጂ እንደ ፈረንጆቹ «አይወስድም»። ስምም እንደዚሁ ይነሳል፤ አንዳንዱ በደግ፣ አንዳንዱ በክፉ። ሁለቱ በአንድ ግስ ይደሩ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ፎቶግራፍ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ይነሳል። ስም ግን ሌላ ሰው ካላነሳው አይነሳም፤ ባለቤቱ ራሱ ሲያነሳውማ ጉራ ይባላል። ዛሬ ዛሬ ታዲያ ፊትንም ስምንም በአንድ ክፍያ አነሳለሁ የሚል ሙያ መጥቷል። «የግል ብራንድ ፎቶግራፍ» ይሉታል።

ለእኔና ለእኩዮቼ ፎቶግራፍ ማለት ከሁሉ በፊት ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር። ለትምህርት ቤት ምዝገባ ጉርድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ፣ ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ! በየፎቶ ቤቱ በሚስማር የተንጠለጠለ የጋራ ኮትና ክራባት ይገኝ ነበር። ጠዋት መምህሩ ይለብሰዋል፤ ከሰዓት ሾፌሩ። ከደረት በታች ስለማይታይ የሱሪው ነገር ማንንም አያሳስብም። ሆኖም በዚያ ኮት የተታለለ ሰው አልነበረም፤ የፎቶ ቤቱ መሆኑን ሁሉም ያውቃልና። ጉርድ ፎቶግራፍ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ይህ ሰው ያ ሰው ነው ወይ?» የሚል። አዲሱ ፎቶግራፍ ግን «ይህ ሰው ስንት ያወጣል?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሰው ፊቱን ለኑሮው ማሠራቱ ግን የትናንት ፈጠራ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1854 ዲስዴሪ የተባለ ፈረንሳዊ በአንድ መስታወት ላይ ብዙ ትናንሽ ምስሎችን ማንሳት የሚቻልበትን ዘዴ ፓሪስ ላይ በስሙ አስመዘገበ። የፎቶግራፍ ዋጋ ወደቀ፤ የጉብኝት ካርድ የምታህል ምስል ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረች። በዚህች ካርድ ከተጠቀሙት አንዷ ሶጆርነር ትሩዝ ናት። ኒውዮርክ ውስጥ በባርነት ተወልዳ፣ ነፃ ከወጣች በኋላ ባርነትን ስትቃወም የኖረች፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴት ነበረች። መነጽሯን አድርጋ፣ ነጭ ሻሿን ጠምጥማ፣ የሹራብ ሥራዋን ይዛ የተነሳችውን ፎቶግራፍ በየንግግሯ ቦታ እየሸጠች ትተዳደርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ደግሞ የምስሉን መብት በራሷ ስም አስመዘገበች። በዘመኗ የነበረው ፍሬድሪክ ዳግላስም ከባርነት ያመለጠ ሰው ነበር። ነጮች ሠዓሊዎች የጥቁርን ፊት እንዳሻቸው እያጣመሙ መሣላቸው ስላንገበገበው፣ ኮስተር ብሎ ደጋግሞ ካሜራ ፊት ተቀመጠ። እስከ ዛሬ የታወቁት ፎቶግራፎቹ ወደ 160 ይጠጋሉ።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ ከዛሬው «ብራንድ» ጋር ሳስተያይ ቃሉ ራሱ ያስገርመኛል። ብራንድ በጥንት እንግሊዝኛ እሳት፣ የሚነድ እንጨት ማለት ነበር። ኋላ ከብት የማን እንደሆነ እንዲታወቅ በጋለ ብረት የሚተኮሰው ምልክት ስም ሆነ። ባሪያም በዚያ ብረት ተተኩሷል። ከዚያ ወደ ሸቀጥ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1997 ቶም ፒተርስ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ «ፋስት ካምፓኒ» በተባለው መጽሔት እያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱን እንደ ንግድ ምልክት ይቁጠር ብሎ ጻፈ፤ አባባሉም ዓለምን አዳረሰ። እንግዲህ ምልክት የባለቤት ማሳወቂያ ከሆነ፣ ጥያቄው «ፊቴ አምሯል ወይ?» ሳይሆን «የፊቴ ባለቤት ማነው?» መሆኑ ነው።

ይህን ጥያቄ ያስነሳብኝ አንድ ሥልጠና አዘጋጅ ነው። ስለ ጽሑፍ ሥራ ለወጣቶች እንዳስተምር ጠየቀኝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ልይ አላለም፤ ከጽሑፎቼም አንዱን አልጠየቀም። «ፕሮፌሽናል ፎቶ ይላኩልን» አለ። ደመወዝ የሌለው ጸሐፊ በእንዲህ ዓይነቱ ነገር አይከራከርም። አራት ኪሎ አካባቢ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ሄድኩ።

አንሺው ወጣት ቢሆንም ሙያውን አዋቂ ነበር። በመስኮቱ በኩል ወደሚገባው ብርሃን ጎን አስቀመጠኝና ራሱ ሁለት ሜትር ያህል ሸሸ። ስልክን ፊት ላይ አስጠግቶ ማንሳት አፍንጫን ያተልቃል፣ ጆሮን ያኮስሳል፤ ራቅ ብሎ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ሲነሳ ግን ፊት ልኩን ይይዛል አለኝ። ነጩን ግድግዳም በጥቁር ጨርቅ ሸፈነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ስለሚሞክር ከኋላ ነጭ ሲበዛበት ጠይም ፊት ያጠቁራል። ለነገሩ ፊልሙም ቢሆን ለእኛ አልተለካም ነበር። የኮዳክ ፊልም ቀለም ለብዙ ዓመታት የሚስተካከለው «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር።

አንስቶ ሲጨርስ ምስሌን ኮምፒዩተሩ ላይ ዘረጋው።

«እህቴ፣ ይቺን የግንባርሽን ጠባሳ ላጥፋት? ፊትሽንም ትንሽ ላብራው?»

«ተዋት ወንድሜ፤ የቧንቧ ውሃ ስቀዳ የወደቅኩባት ናት። ፊቴንም አትንካው።»

ሳቀና ተዋት። ያንኑ ላክሁ።

የሥልጠናው ዕለት በር ላይ ስደርስ አንዲት ቆንጆ ሴት በትልቅ ሸራ ላይ ታትማ ትጠብቀኛለች። ከሥሯ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ቆዳዋ ነጣ ብሏል፣ አገጯ ሾሏል፣ ግንባሯ ላይ ምንም የለም። ተቀባይዋ ልጅ አንዴ ሸራውን አንዴ እኔን አየችና በትሕትና «አሰልጣኟ ገና አልመጡም፤ ተሳታፊ ከሆኑ እዚህ ይፈርሙ» አለችኝ። የቀበሌ መታወቂያዬን አወጣሁ። የመሰከረችልኝ ያቺ የተናቀች ጉርድ ፎቶግራፍ ናት! አዘጋጁን ብጠይቀው «የሚያምር መስሎን ነው እኮ» አለኝ። በእርግጥም አምሯል። ግን ማን?

ከዚያ ወዲህ በማደርገው ስምምነት ላይ «ፎቶግራፌ እንዳለ ይታተማል» የምትል አንዲት መስመር አስገባለሁ። በዚህች መስመር ምክንያት አንድ ሥራ አምልጦኛል፤ የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚሸፍን ሥራ ነበር። መስመሯን ግን አልሰረዝኳትም።

ይህን ስል ሙያውን መናቄ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ሥራ ፈላጊ ወጣት ደህና ፎቶግራፍ ቢነሳ ደስ ይለኛል። የመስኮት ብርሃን ይፈልግ፣ አንሺውን ራቅ ያድርግ፣ ሥራ የሚሄድበትን ልብስ ይልበስ፣ ከመክፈሉ በፊትም ምስሉን ማን እንደሚነካውና ማን እንደማይነካው ይስማማ። ብርሃን ማስተካከል ሙያ ነው፤ ሰውን መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሶጆርነር ትሩዝ መጻፍ ሳትችል ምስሏን በስሟ ያስመዘገበችው፣ ሰው የራሱ ያልሆነበትን ዘመን ስለምታውቅ ይመስለኛል። ፊታችን ባማረ ቁጥር የእኛነቱ ከቀነሰ፣ ስማችን በሌላ ሰው ፊት ላይ ይነሳል። ያን ጊዜ ምስጋናውም ቢመጣ የሚደርሰው ለሸራው ነው።