ባለማወቄ ያጠፋሁት እሳት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በቤቴ ጓሮ ስላለ አንድ የእበት ጉድጓድና በገዛ እጄ ስላጠፋሁት እሳት ነው።

እኔ በደቡብ ወሎ ገጠር ልጆችን የማስቀራ ሰው ነኝ። ያደግሁት በመድረሳ ሲሆን የቀለሙንም ትምህርት እስከ 12ኛ ክፍል ተምሬያለሁ። በዚህም ምክንያት ከቀትር በኋላ ደረሶቼን ሳይንስ አስጠናቸዋለሁ።

ባለቤቴ ሃያ ዓመት ያህል በጉልቻ ላይ አጎንብሳ ኖራለች። ዐይኗ ሁልጊዜ ያነባል፤ ሌሊት ደግሞ ሳሉ እንቅልፍ ይነሳታል። የጤና ባለሙያዋ «ከጭስ ራቂ» አለቻት። ነገር ግን ከጭስ ርቆ ወጥ መሥሪያ ብልሃት ከየት ይመጣል? በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው አራት ከብት ያለው ገበሬ ባዮጋዝ ማሠራት ይችላል ሲባል የሰማሁት።

ወሬው በመንደሩ ሲሰማ አንዳንዶች «ከነጃሳ በወጣ እሳት እንዴት ወጥ ይሠራል?» አሉ። እኔም ልቤ አመነታ። ሄጄ ሸኻችንን ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው «እናትህ እንጀራ የምትጋግረው በምን ነበር?» አሉኝ። በኩበት ነበር። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ኪታባቸው ተመለሱ።

ግንበኛው 6 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ ቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ገነባው፤ በላዩም ጉልላት ደፋበት። በየቀኑ ትኩስ እበትና እኩል ውሃ በጥብጠን በመግቢያው እንጨምራለን። ጋዙ በጉልላቱ ሥር ተጠራቅሞ በቧንቧ ወደ ማድ ቤት ይመጣል። ከአንድ ኪሎ እበት በግምት 40 ሊትር ጋዝ ይገኛል። እንጀራው ዛሬም በእንጨት ይጋገራል፤ ወጡና ቡናው ግን ከጭስ ተገላገለ። ሰማያዊው ነበልባል የበራ ዕለት ባለቤቴ ቡና አፍልታ፣ ዐይኗን ሳታሽ ስትቀዳልኝ አየሁ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ከወራት በኋላ በረመዳን ዋዜማ ዘመዶች ሊመጡብን ሆነ። የእበት መበጥበጫው ሽታና ዝንብ አሳፈረኝ። በረኪናና የልብስ ሳሙና ገዝቼ ገንዳውን ደጋግሜ አጠብኩ፤ እጣቢውንም ለሦስት ቀን በዚያው በመግቢያው ወደ ጉድጓዱ ለቀቅሁት። ንጽሕና ጠበቅሁ ብዬ በልቤ ተኩራራሁ። በሳምንቱ ነበልባሉ ቀጠነ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ባለቤቴ በጾም አፏ፣ ለአፍጥር የሚሆነውን ሾርባ ልትሠራ እንደገና ጭሱ ውስጥ ገባች። አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም። የከበደኝም እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን ደረሶቼን «ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ አየር ካላገኘ ይሞታል» እያልኩ አስጠናለሁ። አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ «ኡስታዝ፣ የእርስዎ ጉድጓድ ድፍን አይደል? ታዲያ ጋዙን ማነው የሚሠራው?» አለችኝ። ለወትሮው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ አንድ ነገር ቀባጥሬ አልፍ ነበር። የዚያን ዕለት ግን «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» አልኩ። በወረዳው ያለውን የባዮጋዝ ባለሙያ ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትም ተውሼ አነበብኩ።

ለካስ ጉድጓዱ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ሠራተኞች ተራ ገብተው ይሠራሉ! መጀመሪያ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች እበቱን ይፈጩታል፤ ቀጥለውም ወደ አሲድ፣ ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። የመጨረሻውን ሥራ የሚይዙት አርኪያ የሚባሉት ናቸው። እነሱ የተረፈውን ወስደው ሚቴን የተባለውን የሚነድ ጋዝ ይሠራሉ። ከባዮጋዙ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ሚቴን ነው። ለእኛ ሕይወት የሆነው ኦክስጅን ለእነዚህ መርዛቸው ነው። ብርድም፣ ኮምጣጣነትም፣ በረኪናም ይጎዳቸዋል።

ጣልያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 ከሐይቅ ዳር ረግረግ የሚወጣውን ይህን ጋዝ ሰብስቦ እንደሚነድ አሳይቷል። ሠሪዎቹ እነማን እንደሆኑ በሚገባ የታወቀው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እነሱንም ለረጅም ጊዜ ባክቴሪያ ናቸው ይሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ የእነዚህን ሚቴን ሠሪዎች አር ኤን ኤ ከሌሎች ፍጥረታት ጋር አስተያይተው፣ ከባክቴሪያም ከእንስሳና ከዕፅዋትም የተለዩ ሦስተኛ ወገን መሆናቸውን አስታወቁ። ብዙዎች ለማመን ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ከዘመዶቻቸው አንዳንዶቹ ጨው ወዳድ፣ ሌሎቹም ፍል ውሃ ወዳድ ናቸው። በአገራችን በአፋር በዳሎል አካባቢ ባለው ጨዋማ ውሃ ውስጥ አርኪያ በብዛት እንደሚገኙ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ያው ጥናት እጅግ ኮምጣጣና እጅግ ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ግን ሕይወት አላገኘም። ለእነሱም ወሰን ተበጅቶላቸዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ቤታቸው ነው። በላሚቱ ሆድ፣ በፈርሱ መካከል ይኖራሉ። ወደ ጉድጓዴ የገቡትም ከእበቱ ጋር ነው። ሱረቱ ነሕል በ66ኛው አንቀጽ ስለ ከብቶች ሆድና ስለ ወተት የሚሰጠንን ትምህርት ስንት ጊዜ ቀርቼዋለሁ፣ ስንት ጊዜስ አስቀርቻለሁ! ከላም ጓሮ እየኖርኩ ግን ቆም ብዬ ፈርሱን አላሰብኩትም ነበር።

ባለሙያው ያዘዘኝ ቀላል ነገር ነው። በረኪናና ሳሙና ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ፤ ትኩስ እበትና ውሃ ጥቂት በጥቂት እንዲጨመር፤ ደኅና ከሚሠራ የጎረቤት ጉድጓድም ጥቂት ባልዲ ዝቃጭ እንደ እርሾ እንድጨምርበት። እርሾ የለመደች ባለቤቴ ነገሩን ከእኔ ቀድማ ገባት። መጀመሪያ የወጣው ጋዝ አልነድ አለ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዛበት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በዒድ ማግስት፣ ነበልባሉ ተመለሰ። የረመዳኑ ጭስ ግን አንዴ ገብቶባታል፤ ያንን መመለስ አልቻልኩም። ዐውፍ እንድትለኝ ጠየቅኋት፤ አለችኝም።

ለደረሶቼም የገባሁትን ቃል ፈጸምኩ። ያቺን ልጅ አስነሥቼ «ጥያቄሽ ልክ ነበር፤ ያስተማርኳችሁ ግን ጎደሎ ነበር» አልኩ። አየር ባይኖርም የሚኖር ፍጥረት አለ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ጥያቄ በዝቶባቸዋል፤ እኔም «አላውቅም» ማለት በዝቶብኛል።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ገንዳውን አሁንም አጥባለሁ፤ ግን በውሃና በመጥረጊያ ብቻ፤ እጣቢውንም ለላሚቱ እበት መበጥበጫ እናደርገዋለን። አንድን ነገር ቆሻሻ ነው ብለን ከመድፋታችን በፊት በውስጡ ማን እየሠራልን እንዳለ እንጠይቅ። አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባወቅነውም የምንጠቀም ያድርገን። አሚን።