የጉልበት ነገር

በአማርኛችን «ጉልበት» አንድም እግር የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ፣ አንድም ኃይልና አቅም ነው። ይህ መንታነት በቅኔ ቤት ይወደስ ይሆናል፤ በሐኪም ፊት ግን ያደናግራል። በካባላጋላና በካንሳንጋ የሚኖሩ ወገኖቼን ለማስተርጎም ወደ ካምፓላ ሐኪም ቤቶች በሄድኩ ቁጥር «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ቃሉ እንዳለ «አቅም አጣሁ» ተብሎ ቢተረጎም ሐኪሙ የደም ማነስ ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሜ «እማማ፣ የቱ ጋ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ከዚህ የባሰው የበሽታው ስም ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። በሽታውን ሳይደብቅ ስሙን ያጣስ? እኛ ሪህ፣ ቁርጥማት ወይም ብርድ ብለን የምናልፈው ሕመም ቢያንስ ሦስት በሽታዎችን ያደባልቃል። አንዱ ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚነሣውና ብዙውን ጊዜ ከእግር አውራ ጣት የሚጀምረው ነው። ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ የሚመጣ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት እጅን ለረጅም ሰዓት አሥሮ ይይዛል። ሦስተኛው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው፤ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ክፍል እየሳሳ ሲሄድ፣ ሲራመዱ የሚያም፣ ሲያርፉ የሚቀንስ ሕመም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖረው ሕዝብ 528 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ 60 በመቶው ሴቶች ናቸው። የሦስቱም ሕክምና ለየቅል ነው።

የስሙ መደባለቅ ዋጋ ያስከፍላል። አንዲት የማውቃቸው እናት «ለብርዱ» እያሉ ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት መደብር እየገዙ ሁለት ዓመት ዋጡ። በመጨረሻ ጨጓራቸው ደምቶ ሆስፒታል ገቡ። መድኃኒቱ ሲዘወተር ጨጓራንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ የደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ እንደሚያሰጋ በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው አልነበረም። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ መንደሩ የሚያወራው ሉጋንዳ ነው። እኚህ እናት መስገድ ስላቃታቸው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተው ነበር፤ ተቀምጦ ማስቀደስ አሳፍሯቸው።

ወረቀቱን ስተረጉምላቸው በጣም የገረማቸው እረፍት ብቻውን መድኃኒት አለመሆኑ ነው። ጉልበትን የሚደግፈው የጭን ጡንቻ ስለሆነ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋትና ጥቂት ማቆየት፣ ይህንንም በየቀኑ መደጋገም ይጠቅማል። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ከሚዋጠው መድኃኒት በፊት የሚቀባውን መሞከር ይመረጣል። ለቡናውም ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይሻላል። የሳሳው ልስልስ ክፍል ተመልሶ አይተካም፤ ሕመሙ ግን ሊቀንስ ይችላል፤ ለከፋበት ሰው ደግሞ መገጣጠሚያውን የሚተካ ቀዶ ሕክምና አለ። የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ለሚፈልግ በሙላጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 በተመሠረተው መንጎና በ1903 በተመሠረተው ንሳምብያ ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉ።

ባለሙያው የሚያሳየውን ቤት ውስጥ በየቀኑ መሥራት ግን ብቻውን ለሚኖር ሰው ከባድ ነው። እዚህ ላይ ነው እድራችንና የጽዋ ማኅበራችን የሚያስፈልጉት። እድር ሰው ሲሞት ብቻ የሚደርስ መሆን የለበትም። እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ ወጣት የመድኃኒቶቹን ስም ጽፎ አብሮ ሐኪም ቤት ቢሄድ፣ እናቶችም ቡናው እስኪፈላ አብረው እግራቸውን ቢዘረጉ ገንዘብ አይጠይቅም። ተቀምጦ ማስቀደስም የሚያሳፍር አይደለም፤ ለረጅሙ አገልግሎት ካህናቱ ራሳቸው መቋሚያ ይዘው ይቆሙ የለምን?