ቢጫው ጥቁር ሆኖ ሲወጣ

የዛሬው ጽሑፌ ከዕለቱ የፖለቲካ ጉዳይ የራቀ መስሎ ይጀምርና ወደዚያው ይመለሳልና በትዕግሥት እንድትከተሉኝ እጠይቃለሁ። በማስተማር ሥራዬ ምክንያት ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) የቀሩልንን የፈረሰኛ መኮንኖች ፎቶግራፎች ለዓመታት ስመረምር ኖሬአለሁ። ይበልጥ የሚስበኝ ፊታቸው ሳይሆን ልብሳቸው ነው፤ ቁልፋቸው፣ የትከሻ ምልክታቸው፣ ጎራዴያቸው። ልብስ ብዙ ይናገራል። ለመሆኑ ከሚናገረው ውስጥ እውነቱ የቱ ነው?

በፌዴራሉ ጦር ደንብ መሠረት የብርጋዴር ጄኔራል ኮት ቁልፎች በሁለት ረድፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደረደራሉ፤ የሜጀር ጄኔራል ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው። ስለዚህ ስሙ የጠፋብንን ጄኔራል ማዕረግ ቁልፉን በመቁጠር ብቻ መለየት ይቻላል። የመኮንኖች የትከሻ ምልክት መደብ ደግሞ የጦር ክፍሉን ያመለክታል፤ ለፈረሰኛ ቢጫ፣ ለመድፈኛ ቀይ፣ ለእግረኛ ፈዛዛ ሰማያዊ። እስከዚህ ድረስ ፎቶግራፉ ታማኝ ምስክር ይመስላል።

ነገር ግን በዚያ ዘመን ምስል የሚቀረጽበት ኮሎዲዮን የተባለው ኬሚካል የሚያየው በአብዛኛው ሰማያዊን ብርሃን ነበር። ሰማያዊ ነገር ነጣ ብሎ ይወጣል፤ ቀይና ቢጫ ግን ሁለቱም ወደ ጥቁረት ያዘነብላሉ። በዚህም የተነሣ የፈረሰኛው ቢጫና የመድፈኛው ቀይ በፎቶግራፉ ላይ ለመለየት ያስቸግራሉ። ሰውየው ቢጫ ለብሶ ቆመ፤ ታሪክ ግን ጥቁር አድርጎ አስቀረው።

ይህ ብቻ አይደለም። በቀጭን የብረት ሰሌዳ ላይ በቀጥታ የሚነሣው ርካሽ ፎቶግራፍ ነገሩን የሚያሳየው እንደ መስታወት ገልብጦ ነው። ፈረሰኛ ጎራዴውን በግራ ጎኑ ታጥቆ በቀኝ እጁ ይመዛል፤ በምስሉ ላይ ግን ጎራዴው በቀኝ ጎኑ ይታያል። የኮቱም አቆላለፍ ይገለበጣል። ፎቶ አንሺው ደግሞ ቁልፎቹን በወርቃማ ቀለም፣ ጉንጩን በሮዝ ቀለም ነካ ነካ ያደርግ ነበር። ፎቶግራፍን ቀለም መቀባት የእኛ ዘመን ፈጠራ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ባለ ልብሱም ቢሆን የዋህ አልነበረም። ጆርጅ አርምስትሮንግ ከስተር በሰኔ 1863 በ23 ዓመቱ ብርጋዴር ጄኔራል ሲሆን ደንቡን ወደ ጎን ብሎ ለራሱ ልብስ አሰፋ፤ የወርቅ ጥልፍ እጅጌው ላይ የተጠማዘዘበት ጥቁር የከፋይ ኮት፣ ሰፊ ኮሌታ ያለው የመርከበኛ ሸሚዝ፣ ቀይ የአንገት ማሰሪያ። በእርሱ ሥር የተዋጉት የሚሺጋን ፈረሰኞችም ቀዩን የአንገት ማሰሪያ አርማቸው አደረጉት። ይህን ሁሉ ያደረገው ለመታየት ነው። ለካሜራ ደጋግሞ የቆመው ከስተር ለኋለኛው ትውልድ የተወልን የጀግንነትን ልብስ እንጂ ጀግንነቱን ራሱን አይደለም።

ወደ እኛም እንምጣ። በሐምሌ 1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው እንግሊዛዊት ፎቶ አንሺ ልዑል ዓለማየሁን ከሞግዚቱ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አነሣቻቸው። ስፒዲ የለበሰው የኢትዮጵያን ልብስ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ምስሉን ቢመለከት የመቅደላን ሽንፈት ከቶ አያይበትም፤ ይህ መኮንን ቀድሞ ዐፄ ቴዎድሮስን አገልግሎ ኋላ ከናፒየር ጦር ጋር በአስተርጓሚነት እንደ ዘመተ፣ ሕፃኑም በጥቂት ወራት ውስጥ አባቱንም እናቱንም እንዳጣ ልብሱ አይናገርም።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ነጥብ ልመለስ። ዛሬ በኮምፒዩተር ቀለም የተቀቡ የጥንት ፎቶግራፎች በየማኅበራዊ መገናኛው እንደ ማስረጃ ይመዘዛሉ። ፕሮግራሙ ግን ያላየውን ቀለም ይገምታል እንጂ አያውቅም። በዚያ ኬሚካል በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ አረንጓዴም፣ ቢጫም፣ ቀይም ወደ ጥቁረት የሚያዘነብሉ ናቸው፤ ማለትም እኛ የምንከራከርባቸው ሦስቱም ቀለማት! በመስከረም 2018 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች የመንገዱ ጠርዝ በየትኛው ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ይቀባ በሚል ተጋጭተዋል። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ የኮምፒዩተር ግምት የአባቶች ምስክርነት ተብሎ ሲቀርብ ጉዳዩ የዋዛ አይደለም።

ፎቶግራፍን እንጣል ማለቴ አይደለም። ቁልፉን እንቁጠር፤ ጎራዴው በየትኛው ጎን እንደተንጠለጠለ እንይ፤ ማን፣ በምን ኬሚካል፣ ለማን ብሎ እንዳነሣው እንጠይቅ። ከዚያ በኋላ የሚተርፈን ማስረጃ ጥቂት ቢሆንም እውነተኛ ነው። ለጠብ የሚያበቃ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝበትም።