ከዳለስ እስከ ኦጎልቾ

ልጆችዎ ተወልደው ያደጉት አሜሪካ ነው እንበል። እናትዎ ደግሞ አርሲ ውስጥ፣ ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ፣ ኦጎልቾ ይኖራሉ። ዘንድሮ ልጆቹን ለአያታቸው ሊያሳዩ ወስነዋል። ትኬቱ ውድ ስለሆነም “እግረ መንገዳችንን ባሌ ሄደን ቀይ ቀበሮ እናያለን” ብለዋል። መልካም አስበዋል። ብዙዎቻችን ዕቅዱን የምንጀምረው ከትኬቱ ነው፤ እኔ ግን ከኦጎልቾ ይጀምሩ እላለሁ።

ምክንያቴን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ለባሌ ብርድ ወፍራም ጃኬት፣ ለአውሮፕላኑ መጫወቻ ሳይቀር አዘጋጅታ ነበር። ስለ ወባ ብጠይቃት “እኔ እዚያው አይደል እንዴ ያደግሁት!” ብላ ሳቀች። አሜሪካ በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት ትንሹ ልጅ በትኩሳት ነደደ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። የት ከርመው እንደመጡ የተጠየቁት በሦስተኛው ቀን ነበር፤ ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘ። ልጁ ድኗል። እናቱ ግን “ምን አሳቀኝ?” ትላለች እስከ ዛሬ።

አዲስ አበባና አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ወባ እምብዛም አያሰጋም። ወደ ኦጎልቾ ሲወርዱ ግን የወባ አገር ገቡ ማለት ነው። በልጅነቱ ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው የሚያገኘው የመቋቋም ኃይል ርቆ ሲኖር ይዳከማል፤ ልጆችዎ ደግሞ ጭራሹኑ የላቸውም። ስለዚህ ከመነሳትዎ አንድ ወር ያህል ቀደም ብለው ሐኪም ያማክሩ። አንዳንዱ መከላከያ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ይጀመራል፤ ሌላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ከተመለሱ በኋላም መጨረስ አለበት። ለእናትዎ ደውለው አጎበር ያሰቅሉ። ከወራት በኋላ እንኳ ልጅዎን ትኩሳት ቢይዘው፣ ሳይጠየቁ “ቆላ አድረን ነበር” ይበሉ።

ጊዜውንም ያስቡበት። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ረጅም ዕረፍት የሚውለው በእኛ ክረምት ነው፤ ዝናቡና ጭቃው ይበረታል። ወባው ደግሞ የሚጠናው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በገና ሰሞን መንገዱ ይደርቃል፣ የባሌ ሌሊት ግን ውርጭ ነው።

በረራው እንኳ ቀላሉ ክፍል ነው። ከዋሽንግተን ዳለስ ቀጥታ የሚመጣው አውሮፕላን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ይበራል። ሲመለሱ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ያርፋል፤ ቦሌ ከፍታው 2300 ሜትር ያህል ስለሆነና አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ይረፉ፤ ከዚያ በአዳማ በኩል ወደ አሰላ።

ከአሰላ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ ኦጎልቾ ይወርዳል። ሌላው በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ ይደርሳል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ነው። እባክዎ በመጀመሪያ ወደ ኦጎልቾ ይውረዱ። ባሌን ያስቀደሙ ቤተሰቦች መኪና ሲበላሽ ወይም ልጅ ሲታመም ቀኑ የሚቀነሰው ከማን ላይ ነው? በር በሩን ከሚያዩት አያት ላይ ነው። ቀበሮውም ቢሆን ይጠብቃል ማለቴ አይደለም፤ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። ዲንሾ የደጋ አጋዘኑን እያያችሁ እደሩና በማግስቱ ወደ ሳነቴ ውጡ። ሳነቴ 4000 ሜትር ገደማ ነው፤ ሳያድሩ መውጣት ልጆችን ራስ ምታት ያስይዛል።

መኪና ውስጥ ልጆቹ ሲሰለቹ ወሬ አያጡም። አሰላ ከመድረስዎ በፊት ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 የለቀቀው አንድ የስንዴ ዝርያ ስሙ “ኦጎልቾ” ነው። በበቆጂ ሲያልፉ ደግሞ ስለ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ይንገሯቸው።

የመመለሻ ትኬቱን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። “እሑድ 00:30” ከተባለ እኛ ዘንድ ቅዳሜ ማታ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው። አያት እሑድ ምሳ አብልተው ሊሸኙ ዶሮ ገዝተው ከሆነ፣ ዶሮው ዓርብ ይታረድ።